ለ60 ታዳጊዎች የክረምት ካምፕ፣ ቢሾፍቱ፦ ከምን እንጀምር?

ጠያቂ
ሰላም ቅዱሳን። አዲስ አበባ ያለችው አጥቢያችን በዚህ ክረምት ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ታዳጊዎች ካምፕ ልታዘጋጅ ነው። ልጆቹ 60 ናቸው፤ አስተባባሪውና ወጥ ቤቱ ሲጨመር 75 ሰው እንሆናለን። ቦታው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ ማሠልጠኛ ሲሆን ቆይታው 4 ቀን 3 ሌሊት ነው። አዳራሽ፣ መኝታና ወጥ ቤት አለው፤ ምግቡን የምናበስለው ግን ራሳችን ነን። ከልጆቹ ብዙዎቹ በጓደኞቻቸው ተጋብዘው የሚመጡ፣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቀኑ መቼ ቢሆን ይሻላል? ምግቡስ ስንት ይበቃል? ፕሮግራሙን እንዴት እናውጣው?

የታዳጊዎች አስተባባሪ
ጌታ ይባርካችሁ። ከቀኑ ጀምሩ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ የተጋበዙትን ልጆች ወላጆቻቸው አይለቋቸውም፤ ቢለቋቸውም ልጆቹ በጾምና በገበታ መሀል ይጨነቃሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ እየዋለ ነው፤ 17 ዓመት የሞላቸውን ይነካል። ስለዚህ ፈተናው ካለቀ በኋላ ያለው የሐምሌ መጨረሻ ይሻላችኋል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከገባበት የዚያን ቀን ለሁሉም የጾም ምግብ ሥሩ። ለተወሰኑ ልጆች ብቻ የተለየ ሳህን ማቅረብ እነሱን ነጥሎ ማሳየት ነው።

የወላጅ ፈቃድ ቅጹ ላይ መንፈሳዊ ትምህርት እንደሚሰጥ በግልጽ ይጻፍ። «የመዝናኛ ጉዞ» ብላችሁ ወስዳችሁ ልጁ ሌላ ነገር ይዞ ቢመለስ፣ ወላጅ እንደተታለለ ይቆጥረዋል፤ እውነቱንም ነው። ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ምግብና ፊርማ ከሌለ ልጁን መኪና ላይ አታሳፍሩ።

ፕሮግራሙን ስታወጡ ዝናቡን አስቡት። በክረምት ቢሾፍቱ ላይ ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ድምፅ ማጉያም አያድናችሁም። ዋናውን ትምህርት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አድርጉት። ከዚያ ወዲያው 8 ልጅና አንድ መሪ ሆነው በቡድን ይወያዩበት፤ ፍሬው ያለው እዚያ ነው። ሰባኪው የተናገረውን ልጁ በራሱ አፍ ካልጠየቀውና ካልተከራከረበት ማታውኑ ይረሳዋል። በየቀኑ ርዕስ ከመቀያየር አንድ መጽሐፍ ይዛችሁ ዝለቁ፤ ፊልጵስዩስ 4 ምዕራፍ ስለሆነ ለ4 ቀን ልክ ይመጣል። ከሰዓት በኋላውን ለጨዋታ ተዉት፤ ዝናብ ቢመጣ አዳራሽ ውስጥ የሚሆን ምትክ ጨዋታ ግን ይኑራችሁ።

ወጥ ቤት አገልግሎት
የመጀመሪያው ቀን ምሳ እዚያ ከሆነና በመጨረሻው ቀን ምሳ በልታችሁ የምትመለሱ ከሆነ 3 ቁርስ፣ 4 ምሳና 3 እራት ነው። ለ75 ሰው የአንድ ጊዜ ልክ እንዲህ ነው፦ ለሽሮ 4 ኪሎ ተኩል ዱቄት፣ 5 ኪሎ ሽንኩርትና 2 ሊትር ዘይት፤ ለምስር ወጥ 5 ኪሎ ተኩል ምስር፤ ሩዝ 7 ኪሎ ተኩል፤ ፓስታ 9 ኪሎ። እንጀራ በነፍስ ወከፍ ሁለት፣ ከዚያ ላይ 15 ጨምሩ። ለቁርስ ዳቦ 150። ሻይ አንዴ ሲፈላ ከአንድ ኪሎ በላይ ስኳር ይሄዳል።

የአራቱን ቀን እንጀራ በአንዴ አትግዙ። ትኩሱ ተደራርቦ በፌስታል ሲታሰር ያልበዋል፣ በክረምት ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። በየሁለት ቀኑ የሚያመጣ ሰው እዚያው ቢሾፍቱ ተነጋገሩ፤ ሲመጣም ቀዝቅዞ በጨርቅ ይሸፈን። ማገዶ በክረምት እርጥብ ስለሚሆን ጭሱ ብቻ ይተርፋችኋል፤ ሲሊንደር ጋዝ ከነምድጃው ያዙ፣ አንድ መጠባበቂያም ጨምሩ።

የሚጠጣ ውሃ በቀን በሰው 3 ሊትር አስቡ፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 12 ጀሪካን መሆኑ ነው። የቧንቧ ከሆነ በውሃ አጋር (በውሃ ማከሚያ ክሎሪን) አክሙት፤ ልኩን ከዕቃው ላይ አንብባችሁ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጥሬ ሰላጣ ይቅርባችሁ። ከእራት የተረፈ ወጥ ለጠዋት ፍርፍር የሚሆነው እንደገና ፍልቅልቅ ብሎ ከፈላ ብቻ ነው፤ ሥጋ ያለበት ከሆነ ጨርሶ አይደር።

ነርስ
ምግቡ ቢያንስ ይሞላል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ሐይቁ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ናቸው፤ ከዳር ጥቂት እርምጃ እንደተገባ ድንገት ይጠልቃሉ። አብዛኛው የከተማ ልጅ ዋና አይችልም። ዋና ክልክል ነው በሉ፣ ያለ መሪ ወደ ዳሩ መውረድም ጭምር። በቀን ሦስት ጊዜ በስም ቁጠሩ፦ ቁርስ ላይ፣ ከጨዋታ መልስ፣ ከመኝታ በፊት።

ብርድ ነው ተብሎ ከሰል መኝታ ቤት አይግባ፣ ተቀጣጥሎ ያበቃ የሚመስለውም ቢሆን። ጭስ ሳይኖረው ተኝተው ባሉበት ይገድላል። በምትኩ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ያምጡ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በጸሎት ሰዓት ሊወድቅ ይችላል፤ እንቅልፍ ማነስና መድኃኒት መዝለል ያባብሰዋል። ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ አትያዙት። በዙሪያው ያለውን ዕቃ አንሱ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ስለዚህ አንድ መኪና ሌሊቱን ከነሹፌሩ እዚያ ይደር። ከጸለያችሁለት በኋላም «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ተው» የሚል መሪ እንዳይኖር አስቀድማችሁ ተስማሙ። መድኃኒቱን የሚይዘውና በሰዓቱ የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን።

ጠያቂ
ተባረኩልኝ፣ የከሰሉን ነገር አላሰብነውም ነበር። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ስልክ እንሰብስብ ወይስ እንተወው? የመጨረሻውን ማታ ደግሞ አዳር ጸሎት እናድርገው የሚሉ አሉ።

የታዳጊዎች አስተባባሪ
ስልኩን ስም በተጻፈበት ፖስታ ሰብስቡና ከእራት በፊት ለአንድ ሰዓት መልሱላቸው፤ ወላጅ የልጁን ድምፅ ካልሰማ ሌሊቱን ሙሉ ለእናንተ ይደውላል።

አዳሩን አልደግፈውም። ሦስት ቀን በቅጡ ያልተኛ የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢያለቅስ፣ ያስለቀሰው ቃሉ ይሁን ድካሙ መለየት አትችሉም፤ እሱም ቤቱ ሲገባ ግራ ይገባዋል። አምልኮውን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ፣ 4 ሰዓት መብራት ይጥፋ። ጌታን መቀበል የሚፈልግ ልጅ በነጋታው ጠዋት፣ ከቡድን መሪው ጋር ረጋ ብሎ ይነጋገር። ይህም ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ አዋቂና አንድ ልጅ ብቻቸውን አይሁኑ፣ ሴቶቹን ሴት፣ ወንዶቹን ወንድ መሪ ያነጋግራቸው። ስማቸውን መዝግቡና ቡድን መሪው በመጀመሪያው ሳምንት ይደውልላቸው። የተጋበዙት ልጆች ቤት ስትደውሉ ደግሞ መጀመሪያ ወላጅን አነጋግሩ።