የእምቦጭ ነቀላ ዕቅድ፦ ረቂቁን እንጨርሰው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጣና ሐይቅን የወረረውን የእምቦጭ አረም ለመንቀል ያዘጋጀነውን ረቂቅ ሰኞ እናስገባለን። የኔ ሐሳብ የሚዋጣው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ትልቅ ዘመቻ ወይም የዋሽንግተን አባሎቻችን ባሉት የመንቀያ ማሽን ግዢ እንዳያልቅ ነው። በጥቅምት 2013 ጣና ላይ ለአንድ ወር የተደረገውን ዘመቻ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሕዝቡ ወገቡ እስኪቆረጥ ነቅሏል። ግን የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ እንደ ማሳ አረም በየክረምቱ፣ ሳያብብ እንንቀለው።

አባል ከፎገራ፦ እስማማለሁ። ችግሩ ጊዜው ነው። ቡቃያው ለመንቀል የሚመቸው ክረምት ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ገበሬው ሩዙን እያረመ ነው። ማሳህን ጥለህ ሐይቅ ግባ አይባልም! የቀን አበል ይጻፍ። ቦቲም ይጻፍ። አልቅቱም ቢልሃርዚያውም በባዶ እግሩ የሚገባውን ነው የሚያገኘው።

አባል ከዋሽንግተን፦ እኛ ማሽን ይገዛ ያልነው፣ እዚህ ሰው ሲያዋጣ በዓይኑ የሚያየው ነገር ስለሚፈልግ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እህቴ፣ ይገባኛል። ማሽን ክፍት ውኃ ላይ ይረዳል። ደንገሉ መሐልና ጭቃው ላይ ግን አይገባም፤ ቡቃያው ያለው ደግሞ እዚያ ነው። የነዳጁና የመለዋወጫው ወጪም አያልቅም። ለእያንዳንዱ ቀበሌ የተወሰነ የዳርቻ ክፍል እንስጥ። ከነቀላው በፊትና በኋላ ፎቶ ተነሥቶ ይላክላችሁ።

አባል ከዋሽንግተን፦ እንደዚያ ከሆነ ማሰባሰቡን ለኛ ተዉት።

አባል ከደምቢያ፦ አንድ ነገር ቀርቷል። የተነቀለው የት ይሄዳል? ዳር ላይ ተከምሮ ከቀረ ውኃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ዘሩም እዚያው ይረግፋል። ከፍ ያለ ቦታ ወስደን አድርቀን እናቃጥለው። ደግሞ በ2004 አረሙ መጀመሪያ የታየው በኛ በኩል፣ መገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ወንዙ የጎንደር ከተማን ፍሳሽና ከየማሳው የታጠበ ማዳበሪያ ይዞ ይመጣል። አረሙ የሚፋፋው በዚያ ነው። ይህ ሳይነካ ነቀላ ብቻ ቢጻፍ ልቤ አይቀበለውም።

አባል ከፎገራ፦ ትክክል ነው። ግን የከተማ ፍሳሽ በኛ አቅም የሚገታ አይደለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ፍሳሹን ለክልሉ በምናቀርበው ጥያቄ ውስጥ ለብቻው እጽፈዋለሁ። በኛ አቅም የሚሆነው በወንዙ ዳርና ዳር ሣር መትከል ነው፤ አፈሩንና ማዳበሪያውን ይይዛል። እሱ በጀት ውስጥ ይግባ። አበሉ፣ ቦቲው፣ ማድረቂያ ቦታው ገብቷል። ማሽኑ ወጥቷል። የደምቢያው ወንድማችን፣ የማድረቂያ ቦታዎቹን ከቀበሌዎቹ ጋር ተነጋግረህ እስከ ዓርብ ላክልኝ። ከግጦሽ መሬት ጋር እንዳይጋጭ አደራ።