የነጠላ ጫማ ማሰሪያ በማክራሜ ማልበስ

ጥያቄ፦ እህቶች፣ ሶሉ ደህና ሆኖ ማሰሪያው የተላላጠ ነጠላ ጫማ በማክራሜ (ክር እየቋጠሩ በሚሠራ የእጅ ሥራ) እያለበስኩ ነው። ለአንድ ጎን ስንት ሜትር ክር ይበቃል? ቋጠሮውስ ለምን ይጠማዘዛል?

መልስ፦ ባለ 3 ሚሊሜትር ፖሊስተር ያዢ፤ ጥጥ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎም ይቆሽሻል። ለ12 ሳንቲሜትር ማሰሪያ 2 ሜትር ተኩል ቁረጪ። መሃሉን ከማሰሪያው ስር አሳልፈሽ ሁለቱን ጫፎች እኩል አውጪ። የሚጠማዘዘው ሁሌ ከአንድ ወገን ስትጀምሪ ነው። አንዴ ከግራ ከጀመርሽ ቀጣዩን ከቀኝ።

መልስ፦ ልክ ነው። መጀመሪያ ግን የማሰሪያውን ጎማ በአልኮል ጥረጊው፤ ቅባት ካለበት ቋጠሮው ይንሸራተታል። በጣቶች መካከል የሚገባውን ዘንግ አትንኪው፣ ቋጠሮ እዚያ ላይ እግር ይልጣል።

መልስ፦ የክሩን ጫፍ በመርፌ ከሦስት ቋጠሮ ስር አስገቢ፣ ጥቂት አስቀርተሽ ቁረጪ፣ ከዚያ በላይተር አቅልጪው። እሳቱ ጎማውን እንዳይነካ!