የሻማ ብርሃን ትዕይንት፦ ፊታቸው ለምን ጠቆረብኝ?

ጠያቂ፣ የፊልም ተማሪ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በመመረቂያ ፊልሜ ውስጥ መብራት በጠፋበት ሌሊት እናትና ልጅ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚነጋገሩበት ትዕይንት አለ። በሻማ ብቻ ስቀርጸው ፊታቸው ጠቆረ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ሳደርገው ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። የጣሪያውን አምፖል ሳበራ ደግሞ የሻማው ስሜት ጠፋ፤ ጥቋቁር መስመሮችም በምስሉ ላይ ይንሸራተታሉ። ያለኝ ሁለት ኤልኢዲ አምፖል፣ ነጭ አንሶላና የተዋስሁት ካሜራ ነው። ቀረጻው ቅዳሜ ስለሆነ እባካችሁ እርዱኝ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ
መስመሮቹ የሚመጡት ከአምፖሉ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ዙር ነው፤ በየዙሩ ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ስለሚጎላ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ካሜራው በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል) ላይ ከሆነ ወደ 25 መልሺው፤ ሹተሩንም (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጊው። አንዳንድ ርካሽ አምፖል ከዚያም በኋላ ያስቸግራል፤ ያኔ መቀየር ነው።

የካሜራ ባለሙያ
እህቴ፣ ሻማው ይታይ እንጂ ሥራውን ሁሉ ለእሱ አትተዪለት። 2700 ኬልቪን የሚል (ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን ያለው) አምፖል ጠረጴዛው ላይ ከምታስቀምጪው ጀበና ጀርባ፣ ካሜራው በማያይበት በኩል ደብቂ። ብርሃኑ ከሻማው አቅጣጫ የመጣ ይምሰል። የካሜራውን የነጭ ቀለም ሚዛን (ነጭ ነገር በየትኛው ብርሃን ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚወስነውን) 3200 ኬልቪን ላይ አስሪው፤ ለካሜራው ከተውሽው ያንን የሚያምር ቢጫ ያጠፋብሻል።

ከሁሉ በላይ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አርቂ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የእናትየዋ ፊት ከአምፖሉ አንድ ሜትር፣ ግድግዳው ሦስት ሜትር ቢርቅ ለግድግዳው የሚደርሰው አንድ ዘጠነኛው ነው። ሌሊቱን የሚፈጥርልሽ ይህ ነው።

ሌላ አባል
«ጠይም ፊት ብርሃን ይበላል» ሲባል እሰማለሁ፤ ፈጽሞ አልስማማም። ጠይም ፊት ሰፊ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ያበራል። ሁለተኛውን አምፖል ወደ አንሶላው አዙሪና ተመላሹ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ ይረፍ። ጨርቁ ግን አምፖሉን አይንካ፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የብርሃኑን መጠንም በእናትየዋ ፊት ለኪ፤ ነበልባሉ ቢነጣ ግድ የለም።

ጠያቂ
ትናንት ማታ ሞከርሁት። መስመሮቹ ጠፉ፤ ቤቱ ጨልሞ የእናትየዋ ዓይኖች በሩ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የቀረው የጀበናው ጥላ የልጁ አገጭ ላይ መውደቁ ነው። ብርሃኑም እንደ ሻማ አይወዛወዝም።

የካሜራ ባለሙያ
አምፖሉን እስከ ነበልባሉ ከፍታ አንሺው፤ ጀበናውንም ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጊ። ለውዝዋዜው አንድ ሰው ጣቶቹን ዘርግቶ ከአምፖሉ ፊት በዝግታ ያንቀሳቅስ። አታብዢው፤ በር በተዘጋበት ቤት ሻማ የሚወዛወዘው ሰው ሲንቀሳቀስ ነው። ልጁ ከወንበሩ ሲነሣ ብቻ አንድ ጊዜ ይንቀጥቀጥ።