«ቢያንስ ስማችን ይጠራል»፦ ኮሌጁ የባዮሎጂ ማኅበር አባል ይሁን ወይስ ይቅር?

የጦሳው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የትናንቱን የትምህርት ክፍል ስብሰባ ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። ኮሌጃችን (ስሙን አልጠራም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ) በባዮሎጂ የሙያ ማኅበር ውስጥ በተቋም ደረጃ አባል ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ። በየዓመቱ መዋጮ፣ አንድ ተወካይ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ድምፅ። እኔ ሐሳቡን ያቀረበውን ሰውዬ አንዲት ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «ምን እናገኛለን?» መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ቢያንስ ስማችን ይጠራል።» በቃ። ለተግባር ልምምድ የሚሆን ኤታኖል ከኪሳችን እያወጣን ነው የምንገዛው። በጀት የለም ተብለናል። ለስም መጠሪያ ግን ተገኘ። እስቲ ፍረዱ።

ሸዋ በር፦
ዕድርም ላይ ስም ይጠራል። አቤት ያላለ ይቀጣል።

ኮምቦልቼው፦
ወሎ ስሟ መቼ መቼ እንደተጠራ እናውቃለን። በ66 ተጠራች፣ በ77 ተጠራች። አሁን ደግሞ ከፍለን እንጠራ?

እመ ኪያ፦
የሰውየው አነጋገር አላማረም፣ እሺ። ግን በአንድ ሰው አፍ ነገሩን ሁሉ አታጣጥሉት። እስካሁን አባል የምንሆነው በግል ነው። አንዱ መምህር ገባ፣ ሰው አወቀ፣ ኮንፈረንስ ሄደ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ተዛወረ። ያወቀው ሰው ሁሉ አብሮት ሄደ። እኛ ጋ የቀረ ነገር አለ? የተቋም አባልነት ሰው ሲለቅም አይለቅም። የውጭ ፈታኝ ስንፈልግ፣ የማስተርስ ፕሮግራም የሚገመግምልን ስንፈልግ በማን በኩል ነው የምንለምነው? በወዳጅ ወዳጅ።

የጦሳው መምህር፦
እመ ኪያ፣ አከብርሻለሁ። ግን የተባለው ይህ አይደለም። የተባለው «ስማችን ይጠራል» ነው። አንቺ የተሻለ መልስ ስለፈጠርሽለት የሰውየው መልስ አይሆንም።

እመ ኪያ፦
ኧረ በናትህ! ክርክሩ ከሐሳቡ ጋር ነው ከሰውየው ጋር?

የጦሳው መምህር፦
ብሩን የሚፈርመው ሰውየው ነው።

የሆጤ ልጅ፦
ይቅርታ መሐል ገባሁ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። ትምህርት ቤትስ በተቋም ደረጃ አባል መሆን ይችላል?

ውጭ ያለሁት፦
እዚህ አሜሪካ እንዴት እንደሚሠራ ላካፍላችሁ። ኤአይቢኤስ (የአሜሪካ የባዮሎጂ ሳይንሶች ተቋም) የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተ። አባላቱ ራሳቸው ማኅበራትና ድርጅቶች ናቸው። የዕፅዋቱ፣ የእንስሳቱ፣ ሙዚየሙ፣ ሁሉም በአንድ ጣራ። አባላቱን አስተባብሮ ኮንግረስ ድረስ ይዟቸው ይሄዳል፣ የምርምር በጀት እንዳይቀነስ ያስረዳሉ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ሄዶ ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል? ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው። ባዮሳይንስ የሚባለውን መጽሔትም ያወጣሉ።

ኮምቦልቼው፦
ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልን። ግን ኮንግረሱ የት ጋ ነው? ከፒያሳ ታክሲ ይኬዳል?

ጋሽ ቆሮሶ፦
ልጆች፣ አትሳቁ። የልጁ ነገር እኛም አገር ይሠራል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ከወጣ ወዲህ ድርጅቶች ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉ ተጽፏል። በድሮው አዋጅ፣ በ621 ጊዜ እንኳን ሐሳብ ማቅረብ፣ ብዙው ማኅበር አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚኖረው። አሁን በሩ ተከፍቷል። የሚገባበት ነው የጠፋው።

የጦሳው መምህር፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ስለ ማኅበሩ መብት ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ መዋጯችን ነው። ጆርናል እናነባለን እንዳትሉኝ ደግሞ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል የጆርናል ማንበቢያ አለ። በውስጡ ያሉት ሂናሪ፣ አጎራ፣ ኦኤር፣ ለኢትዮጵያ ተቋማት በነጻ ነው። መመዝገብ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ባዮሎጂካል ሶሳይቲ ጆርናልም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እየወጣ ነው፤ በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ብሎ አባል መሆን አያስፈልግም።

ላብ ቴክኒሻኑ፦
የሂናሪን ፓስወርድ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። እሱም የዓመት ፈቃድ ላይ ነው።

ሸዋ በር፦
ስሙ ይጠራ እስቲ።

እመ ኪያ፦
ቀልዱን ትታችሁ አንድ ነገር መልሱልኝ። ያ ጆርናል በየዓመቱ የሚወጣው በማን ነው? ገምጋሚ፣ አርታኢ፣ አታሚ። ለደረጃ ዕድገት ሲሆን ሁላችንም ጽሑፋችንን ይዘን እንሮጣለን። መዋጮ ሲባል ኪሳችን ይቆለፋል። በነጻ ማንበብ ስለቻልን በነጻ ይሠራል ማለት አይደለም።

የጦሳው መምህር፦
ይህኛው ነጥብ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ያኔ «ልንረዳቸው ነው» በሉን። «ልንጠቀም ነው» አትበሉን።

ኮምቦልቼው፦
ሸዋ በር ዕድር ብሎ ጀምሮ የለ? እኔ በዚያ ልሂድ። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነቱ ሲገባ ላብራቶሪ ተዘርፎ፣ ማይክሮስኮፕ ተሰባብሮ ባዶ ጠረጴዛ ስናይ የትኛው የሙያ ማኅበር ነው ድንኳን የተከለልን?

እመ ኪያ፦
አባል ነበርክ?

ኮምቦልቼው፦
ምን ማለት ነው?

እመ ኪያ፦
ዕድር ላልገባ ሰው ድንኳን ይተክላል ወይ ማለት ነው። አንተው ነህ ያመጣኸው።

ሸዋ በር፦
ወላሂ ይቺ ሴት!

ኮምቦልቼው፦
እኛ ሰፈር ዕድር ላልገባም ይደርሳል። ኮምቦልቻ ነው እንግዲህ። የደሴውን አላውቅም።

የጦሳው መምህር፦
ደሴን ምን አደረገችህ?

ኮምቦልቼው፦
ቆሻሻዋን ላከችብኝ። ቦርከና ወንዝ ከላይ ከእናንተ ነው የሚመጣው። ፌስታል፣ ፕላስቲክ፣ የቄራ ደም፣ ሁሉም ወደ ታች።

ሸዋ በር፦
ፋብሪካዎቹስ? እነሱም ከጦሳ ተንከባለው ነው የመጡት?

ኮምቦልቼው፦
ፋብሪካውን አልካድኩም! ለዮሌና ወርቃ ወንዞች ውስጥ ክሮሚየምና ዚንክ እንዳለ ተጠንቶ ተጽፏል። ሁሉም ቦርከና ነው የሚገባው። እኔ ራሴ ናሙና ስቀዳ አይቻለሁ። ጠርሙሱን ስታነሳው ውሃው ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ክዳኑን ስትከፍት ዓይን ያቃጥላል። ሃያ እርምጃ ዝቅ ስትል አንዲት እናት በዚያው ውሃ ሰላጣና ቀይ ሥር ታጠጣለች። ማለዳ ገበያ ላይ ያለው እሱ ነው። እስቲ እዚህ ላይ ማኅበር ምን ይረባል? ንገሩኝ።

ጋሽ ቆሮሶ፦
እዚህ ላይ ነው የሚረባ። አንተ ብቻህን ደብዳቤ ብትጽፍ «አንድ መምህር ጽፏል» ይባላል፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ኮሌጁ ብቻውን ቢጽፍ ለኮሌጁ ስፖንሰር የሆነው ፋብሪካ ቅር ይለዋል፣ ኃላፊውም ይህን ያውቃል። በአገር ደረጃ ያለ ማኅበር ቢጽፍ ግን የሚቀየመው ሰው ሩቅ ነው። ደመወዝህን የሚነካብህ የለም።

የጦሳው መምህር፦
ጋሼ፣ ይህን ከማንም ሰምቼ አላውቅም፣ ገና ዛሬ ነው። ስብሰባው ላይ እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ ምናልባት እጄን አነሳ ነበር።

ጋሽ ቆሮሶ፦
እኔማ ጡረተኛ ነኝ፣ ማን ይጠራኛል። ሌላም ልንገራችሁ። ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሐይቁ ምግብ ሰንሰለት ምን ይመስል እንደነበር የተጻፈው ትንሽ ነው። ዓሣው ለሰዉ ጠቀመ፣ እኔም በልቼዋለሁ። ግን ያኔ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይጠና» የሚል የተደራጀ አካል ቢኖር ጥሩ ነበር።

ሸዋ በር፦
ጋሽ ቆሮሶ ሳይጠሩትም ሐይቅ ይገባሉ።

የሆጤ ልጅ፦
የኔ ጥያቄ አልተመለሰም። ትምህርት ቤት ይችላል?

ላብ ቴክኒሻኑ፦
እኔ በግል አባል የነበርኩበትን ልናገር። ከየጎፍ ተራራ አንድ ቁጥቋጦ ቆርጬ አምጥቼ ነበር። ማንም አላወቀውም። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ መሐል አድርጌ፣ በካርቶን አጣብቄ፣ በገመድ አስሬ አዲስ አበባ ወሰድኩት፣ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም። እዚያ ያገኘሁት ሰው ኮንፈረንስ ላይ ሻይ ስንጠጣ የተዋወቅሁት ነው። ጋዜጣውን ገልጦ አበባውን አላየም፣ የቅጠሉን ሥር ነው ያየው። እዚያች ጋ ያለችውን ጭራ የመሰለች ነገር በአጉሊ መነጽር አይቶ ቤተሰቡን ነገረኝ። ከዚያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ከሚባለው የዕፅዋት መዝገብ ስምንት ቅጾች አንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ ዝርያውን አሳየኝ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ክረምቱን ሙሉ ስደክምበት የነበረ ነገር ነው። ለዚያ ሻይ ነው መዋጮ የምከፍለው። ሰርተፍኬቱማ የት እንዳለም አላውቅም።

እመ ኪያ፦
ይኸው! ይህን ነው ስል የነበረው።

ላብ ቴክኒሻኑ፦
አይ፣ አንቺ ተቃራኒውን ነው ስትይ የነበረው። እኔ በግሌ ነው የሄድኩት፣ በራሴ ብር፣ በራሴ ፈቃድ። በተቋም ቢሆን ማን ይላካል? ተወካዩ። ተወካዩ ማን ነው? ሁልጊዜ የሚላከው ሰው። አባልነቱ የኛ፣ አበሉ የእሱ። አፈር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ይመጣል።

ሸዋ በር፦
ቦርሳም ይዞ ይመጣል። ማኅበሩ የታተመበት።

ውጭ ያለሁት፦
የተቋም አባልነት የግሉን አይከለክልም እኮ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ላብ ቴክኒሻኑ፦
በወረቀት ይሄዳሉ። እዚህ ግን «ኮሌጁ አባል ነው፣ አንተ ለብቻህ ለምን ፈቃድ ትጠይቃለህ» የሚል ይመጣል። ጠብቅ።

ጋሽ ቆሮሶ፦
ስለ መዋጮ አንድ ነገር ልበል፣ ከዚያ እተኛለሁ። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የሚባለውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመ፣ አባላቱ አገሮች ናቸው። አባል አገሮች መዋጯቸውን እያሳደሩ ውዝፍ ተከመረ። ዓመት ዓመት አንበጣ የለም፣ ማን ይከፍላል? ከዚያ በ2013 መስከረምና ጥቅምት ላይ ቃሉ፣ ወረባቦ፣ ቆቦ ማሽላው ላይ ሰማዩ ሲጠቁር አውሮፕላን የት አለ ተባለ። ገበሬው ጅራፍና ጣሳ ይዞ ወጣ። መዋጮ ማለት ይህ ነው። ጥቅሙ በከፈልክበት ዓመት አይመጣም።

የጦሳው መምህር፦
ጋሼ፣ ጥሩ አሉ፣ ግን እኮ ይህ ለኔም ይሠራል። አባል ነበሩ፣ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ነበር፣ ግን አውሮፕላን አልነበረም። አባልነት ብቻውን ምንም አይደለም እያልኩ ነው እኮ!

እመ ኪያ፦
አልከፈሉማ!

የጦሳው መምህር፦
እኛስ እንከፍላለን? ዘንድሮ በሆይ ሆይታ እንከፍላለን፣ ከርሞ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ከዚያ «ውዝፍ ያለባችሁ» ተብለን ነው የምንጠራው።

ኮምቦልቼው፦
በመጨረሻ ተጠራን ማለት ነው።

እመ ኪያ፦
እሺ ይህን ያህል ከጠላችሁት አማራጭ አምጡ። ዝም ብሎ መቃወም ቀላል ነው።

የጦሳው መምህር፦
አማራጭማ አለ። ያንኑ ብር ለሦስት ሰው የግል መዋጮ ያድርጉት፣ በየዓመቱ በዕጣ። አንዱ ከላብራቶሪ ይሁን። የሄደ ሰው ሲመለስ ለሁላችንም ሴሚናር ይስጥ። ሴሚናር ያልሰጠ ብሩን ይመልስ።

ሸዋ በር፦
ዕጣው ማን እጅ ነው የሚወጣው?

ላብ ቴክኒሻኑ፦
ደግፌያለሁ። ዕጣውን ተማሪ ያውጣ።

እመ ኪያ፦
በዕጣ የተላከ ሰው በጉባኤ ላይ ድምፅ የለውም። የግል ድምፁን ነው የሚሰጠው። ኮምቦልቼው ቦርከናን ማስነሳት ከፈለገ ኮሌጁ በኮሌጅነቱ መቀመጥ አለበት። ጋሽ ቆሮሶ የነገሩን ይህንኑ ነው፣ አልሰማችሁትም።

ኮምቦልቼው፦
ስለ ቦርከና ከሆነ እኔ ጥርሴን ነክሼ እደግፋለሁ። ግን በመጀመሪያው ጉባኤ አጀንዳው ካልተነሳ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ።

የጦሳው መምህር፦
ይኸው ገዙት! በአንድ ወንዝ ተሸጠ።

ኮምቦልቼው፦
አንተ ከላይ ሆነህ ምን ቸገረህ፣ ንጹሑን ትጠጣለህ።

የሆጤ ልጅ፦
እኔ በስልክ ደውዬ እጠይቃለሁ፣ ተዉት።

ላብ ቴክኒሻኑ፦
ቆይ፣ የስብሰባውን ደብዳቤ አሁን አየሁት። ተራ ቁጥር 3 ላይ ምን እንደሚል አንብባችኋል? «ተቋሙን የሚወክለው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይሆናል።»

እመ ኪያ፦
ምን ችግር አለው? ኃላፊ ማለት ወንበሩ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሰው ይቀያየራል።

የጦሳው መምህር፦
እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አላየሁም።