አደራ የተሰጠኝን የቡድሃ ሐውልት አጠብኩት ፊቱ ለቀቀ፣ ምን ላርግ?

ሚሚ ከዶሃ፦
ሰላም ናችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ ጭንቅ ላይ ነኝ። ሆቴል ነው የምሰራው፣ ክፍል የምጋራት የኔፓል ልጅ አለች፣ ለሁለት ወር እረፍት አገሯ ስትሄድ ራስጌዋ መደርደሪያ ላይ ያለውን የቡድሃ ሐውልት አደራ ብላኝ ሄደች፣ አጎቷ ናቸው የሰሩት። አንድ ስንዝር ቢሆን ነው ግን ስታነሱት ይከብዳል፣ ሙሉ ወርቅ ነው የሚመስለው፣ ፀጉሩ ሰማያዊ፣ ቀኝ እጁን በጉልበቱ በኩል ወደታች ዘርግቶ ጣቱ መሬት ሊነካ የደረሰ። እኔ ደሞ አርብ ክፍሉን ሳፀዳ ስትመጣ ደስ ይበላት ብዬ ለብ ባለ ውሃና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና አሸት አሸት አደረኩት። ሰውነቱ ጭራሽ አበራ፣ ፊቱ ግን ጉድ ሆነ! ወርቁ እንደ ፓውደር እየሟሟ ስፖንጁ ላይ ቀረ፣ አንዱ አይን ጠፋ፣ የከንፈሩ ቀይ ሄደ፣ ከስር ሌላ የሚያብለጨልጭ ወርቅ ወጣ። ጉልበቱ ላይ ደሞ ቀላ ያለ ነገር ይታያል።

ፌክ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ስቴሽነሪ የሚሸጠውን ወርቃማ ቀለም ገዝቼ ልቀባው? ደሞ ከስሩ የመስቀል አይነት ቅርፅ ያለው ክዳን አለ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ የሆነ ነገር ያለ ይመስላል፣ ውሃ ገብቶበት ከሆነ ከፍቼ ላድርቀው? ልጅቷ ልትመጣ ሶስት ሳምንት ነው የቀራት። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲሉ አሁን ነው የገባኝ።

ወለተ ፃድቅ፦
እህቴ ከመጀመሪያው የሰው ጣኦት ምን አስነካሽ? መልሰሽ አስቀምጪውና ተይው።

ሚሚ ከዶሃ፦
ልሰግድለት እኮ አይደለም፣ አደራ ነው ያልኩት 😭 እሷ የኔን ስዕለ ማርያም ስንት ጊዜ አቧራ ጠርጋልኛለች።

የፒያሳው፦
ሚሚ ተረጋጊ፣ ፌክ አይደለም፣ እንደውም ሳሙናሽ ነው እውነተኛነቱን የመሰከረው። ወርቅ ቤት ነው ያደኩት፣ አያቴ አንጥረኛ ነበሩ፣ ይሄን ነገር ስትፅፊ የሳቸው ጠረጴዛ ነው ትዝ ያለኝ። ያጠብሽው ላይ ሁለት አይነት ወርቅ ነው ያለው። ሰውነቱ ላይ ያለው በእሳት የተለበጠ ነው፣ ማለትም ንፁህ ወርቅ ከባዚቃ ጋር (ሜርኩሪ የምትሉት) ሲደባለቅ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ያንን መዳቡ ላይ ለቅልቀው በእሳት ሲያሞቁት ባዚቃው ተኖ ይሄዳል፣ በ357 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ወርቁ መዳቡን ነክሶ ይቀራል። ከእሳት ሲወጣ ግን ወርቅ ነው ብትባሉ አታምኑም፣ ድፍርስ ያለ ቢጫ ነው፣ በለሰለሰ ድንጋይ ሲታሽ ሲታሽ ውሎ ነው ያ ብርሃን የሚመጣው። ስለዚ በሳሙና አይለቅም። ጉልበቱ ላይ ያየሽው ቀይ መዳቡ ነው፣ ጎላ ያለ ቦታ እጅ ሲበዛበት ልባጡ ይሳሳል፣ አንቺ በአንድ ቀን አላመጣሽውም። የፊቱን ግን አላውቅም፣ የኛ ሙያ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለምን ነሐስ አላደረጉትም የሚል ካለ፣ ንፁህ መዳብ ማፍሰስ መከራ ነው፣ 1085 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ ቀልጦም እንደ ነሐስ ጥቃቅኑ ቦታ ውስጥ ሰተት ብሎ አይገባም፣ አየር ይይዛል። ግን ቆርቆሮና እርሳስ የበዛበት ነሐስ ላይ የእሳት ልባጥ ቆንጆ አይዝም፣ መዳብ ላይ ነው የሚያምረው። እነሱ ማፍሰሱ ላይ ተቸግረው ልባጡ ላይ ለማሸነፍ መርጠዋል ማለት ነው፣ እኔ ባርኔጣዬን አንስቻለሁ።

ማንም ግን ቤቱ እንዳይሞክረው! የባዚቃ ጭስ ገዳይ ነው። አያቴ ብር ላይ ወርቅ ሲለብጡ በር ከፍተው ነፋስ ከጀርባቸው እያደረጉ ነበር፣ እንደዛም ሆኖ በመጨረሻ የቡና ሲኒ በሁለት እጃቸው ነበር የሚይዙት፣ ከሱ ይሁን ከእርጅና ማንም መርምሮ አልነገረንም። አሁን ብዙው በኤሌክትሪክ ነው የሚለበጠው፣ ርካሽ ነው ግን ስስ ነው።

ተጓዥ77፦
የፒያሳው እጅህን ይባርከው፣ የፊቱን እኔ ልቀጥል። የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ለስራ ሁለት ወር ነበርኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባግማቲ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሬ ፓታን እሄድ ነበር (ላሊትፑርም ይሉታል)፣ ኦኩ ባሃል የሚባል ሰፈር አለ፣ ሙሉ ሰፈሩ ቅጥቀጣ ነው፣ በር ላይ ቆመህ ጣ ጣ ጣ ብቻ ነው የምትሰማው። የሚሰሩት ኔዋሮች (የዛ አካባቢ ነባር ህዝብ) ናቸው፣ አብዛኞቹ ሻክያ የሚባሉ ቤተሰቦች፣ የቡድሃ ዘር ነን ነው የሚሉት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው።

አሰራሩን ብታዩ የኛ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫ ጋር አቅልጠው ለስላሳ ያደርጉና ሐውልቱን መጀመሪያ በሰም ይሰሩታል፣ የጣት ጥፍር ሳይቀር። ከዛ ስስ ጭቃ ከላም እበት ጋር ለውሰው ይቀቡታል፣ በጥላ ይደርቃል፣ እንደገና ይቀባል፣ በመጨረሻ የሩዝ ገለባ የገባበት ወፍራም ጭቃ ያለብሱታል፣ ማድረቁ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። ሲሞቅ ሰሙ በቀዳዳው ይፈሳል፣ ባዶው ቦታ ላይ መዳብ ይሞላል። ጭቃው ይሰበራል፣ ስለዚ አንድ ሻጋታ አንድ ሐውልት ነው፣ መዳቡ አንድ ቦታ ካልደረሰ ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ። የኛ የነሐስ መስቀልም እኮ እንዲሁ በሰም ነው የሚፈሰው፣ ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔም ከዚሁ ከአንጥረኛ ቤት ነው የወጣው።

ከተፈሰሰ በኋላ ያለው ነው ግን ያስገረመኝ። አንድ ሽማግሌ መሬት ተቀምጠው ሐውልቱን በእግራቸው መሀል ይዘው የልብሱን ጠርዝ በትንሽ መሮ ሲቀርፁ አየሁ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አበባ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አንድ ጣት ያህል ነው የሄዱት።

ፊቱን ደሞ ሌላ ሰው ነው የሚሰራው፣ ቀቢ። የወርቅ ዱቄት ከቆዳ በሚወጣ ሙጫ ይበጠብጥና በቀጭን ብሩሽ ይቀባዋል፣ አይበራም፣ ሆን ተብሎ ነው፣ ሰውነቱ ሲያብለጨልጭ ፊቱ ረጋ እንዲል። የቲቤት ቡድሂስቶች በጣም የሚወዱት አሰራር ነው። ሚሚ ያ ሙጫ ነው በሳሙና የሟሟብሽ። አይኑ በመጨረሻ ነው የሚሳለው፣ አይን መክፈት የሚባል ስርአትም አለው፣ ለነሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስለዚ በምንም ተአምር የስቴሽነሪ ቀለም እንዳትነኪ!!

ክዳኑንም እንዳትከፍቺ። መስቀል አይደለም፣ ሁለት ቫጅራ (የቡድሂስቶች ቅዱስ ምልክት) የተጣመሩ ናቸው፣ መብረቅም አልማዝም የሚል ትርጉም አለው፣ የማይሰበር ነገር ማለት ነው። ውስጡ ፀሎት የተፃፈበት ጥቅል ወረቀት፣ እህል፣ ሽታ ያለው እንጨት፣ አንዳንዴም ከቅዱስ ሰው የቀረ ነገር ይገባል፣ መነኩሴ ባርኮ ነው የሚታሸገው። እሱ ከተከፈተ በእምነቱ እንደ አዲስ መባረክ አለበት። ውሃ የገባ ከመሰለሽ ቀጥ አድርገሽ ደረቅ ቦታ አቁሚው፣ ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ለሷም ንገሪያት።

እጁ የምትዪውን በተመለከተ፣ ቡድሃ ህንድ ቦድጋያ ላይ ዛፍ ስር (የኛ ዋርካ ዘር ነው) ተቀምጦ ሳለ ማራ የሚባለው ፈታኝ መጥቶ እዚህ ለመቀመጥ ምን መብት አለህ፣ ማን ይመሰክርልሃል ሲለው በጣቱ መሬትን ነካ፣ መሬት መሰከረች ነው ታሪኩ። ጆሮው የረዘመው ደሞ ልኡል እያለ ከባድ ጉትቻ ያደርግ ስለነበር ነው፣ ጉትቻው ተጥሎ ጆሮው እንደረዘመ ቀረ። ይቺን ዝርዝር በጣም ነው የምወዳት።

ደሞ ለጠቅላላ እውቀት፣ አርኒኮ የሚባል የኔፓል ልጅ በፈረንጅ 1260 ገና ጎረምሳ ሆኖ 80 ባለሙያ መርቶ ቲቤት ሄደ፣ ከዛ ቻይና የሞንጎሉ ንጉስ ኩብላይ ካን ቤተ መንግስት ገባ፣ ቤጂንግ ያለው ትልቁ ነጭ ስቱፓ (የቡድሂስቶች ጉልላት መሳይ ቅዱስ ህንፃ) የሱ ስራ ነው፣ በ1279 ነው ያለቀው። ሙያው እንዲህ ርቆ ሄዷል።

የፒያሳው፦
የፊቱን ዛሬ ተማርኩ። ተጓዥ አንድ ጥያቄ፣ እኔ አንድ ልገዛ ብል ከዛ አገር ያስወጡኛል?

ተጓዥ77፦
አዲስ ስራ ከሆነ ችግር የለውም፣ የአርኪዮሎጂ መስሪያ ቤታቸው አይቶ ማህተም ያደርግልሃል። ከ100 አመት በላይ የሆነውን ግን በፈረንጅ የ1956ቱ ህጋቸው እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ስንት ሐውልት ከየቤተ መቅደሱ ተሰርቆ አውሮፓና አሜሪካ ገብቷል መሰለህ። እኛም ይሄን ህመም እናውቀዋለን።

ሚሚ ከዶሃ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትላንት ማታ ድፍረት አግኝቼ ቪዲዮ ደውዬ ነገርኳት፣ ፊቱን ሳሳያት ዝም አለች፣ ልቤ ወጣ። ከዛ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ "ክዳኑን ከፈትሽው?" አልከፈትኩም ስላት ነው የተነፈሰችው፣ ቀጥላ ሳቀችብኝ፣ አጎቷን ጠርታ ስፖንጁን አሳዪው አለችኝ 😂 እሳቸውም ሳቁ። በሚቀጥለው እረፍቷ ይዛው ትሄዳለች፣ ቀቢው እንደገና ይቀባዋል። እስከዛ በንፁህ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው ተብያለሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ንፁህ ነጭ ጨርቅ ብዬ ያገኘሁት ደሞ ያቺን ነጠላዬን ብቻ ነው፣ ወለተ ፃድቅ እንዳትቆጪኝ።