ማንዶሊን ገዛሁ፤ ሪኪ ስካግስን ከየት ጀምሬ ልስማ?

ጠያቂ፦ የሌሊት ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ናሽቪል፣ ቴነሲ ነው። ማታ ማታ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ራዲዮዬን ደብሊው ኤስ ኤም 650 ላይ አደርግና ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለውን የካንትሪ ሙዚቃ ዝግጅት አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ሪኪ ስካግስ የሚባለው ሰው ማንዶሊን፣ ያቺን ባለ ስምንት ክር ትንሽ መሣሪያ፣ ሲመታ ሰማሁና ልቤ እዚያው ቀረ።

ባለፈው ወር ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ60 ዶላር ማንዶሊን ገዛሁ። ጊታር ትንሽ እችላለሁ። ልጅ እያለሁ ክራርም ነካክቻለሁ። ሦስት ጥያቄ አለኝ። ክሮቹን በስልኬ ቃኝቼ ሳልይዛቸው ስመታቸው ልክ ናቸው፤ አሥረኛው፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ስይዛቸው ግን ድምፁ ይዛባል። ዕቃው ተበላሽቷል ማለት ነው? ሁለተኛ፣ የሰውየው ሥራ ብዛት አያልቅም፤ የቱን ላስቀድም? ሦስተኛ፣ እሱ ማንዶሊን፣ ፊድል (ቫዮሊን ማለት ነው)፣ ጊታርና ባንጆ ይጫወታል። እኔም ጎን ለጎን ፊድል ብጀምር ይበዛብኛል?

መልስ፦ ባለ መዶሻው

አይዞህ፣ ዕቃህ አልተበላሸም። ክሮቹ የሚያርፉባትን እንጨት ተመልከት፤ በክራር ብርኩማ የምንላት ናት። በአብዛኛው ማንዶሊን ላይ በሙጫ አትጣበቅም። የምትቆመው በክሮቹ ጭነት ብቻ ነው። አሮጌ ዕቃ ሲጓጓዝ ትንሸራተታለች።

እንዲህ አድርግ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫነው በጣትህ ጫፍ ብቻ ነካ አድርገህ ምታ፤ ቀጭን፣ እንደ ደወል ያለ ድምፅ ይወጣል። ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ ክሩን ጫነውና ምታ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የጫንከው ከቀጠነ ብርኩማዋን ወደ ጭራው በጥቂቱ ግፋ። ከወፈረ ወደ አንገቱ አምጣት። ክሮቹን ትንሽ አላላ እንጂ ሁሉንም አትፍታ፣ ትወድቅብሃለች። ክር ስትቀይርም ጥንድ በጥንድ ቀይር። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ስምንቱንም ፈትቼ ብርኩማዋ የት እንደነበረች ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

መልስ፦ የተራራው ልጅ

ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ እኔ ልበል፤ ይህን ሰው ሃያ ዓመት አዳምጬዋለሁ።

የተወለደው በፈረንጆቹ 1954 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ኬንተኪ ውስጥ፣ ኮርዴል በምትባል መንደር ነው። አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ማንዶሊን ገዛለት። ጂ፣ ሲ እና ዲ ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) አሳየውና ወደ ሥራው ሄደ። ሲመለስ ልጁ ኮርዶቹን እየቀያየረ ይዘፍናል።

በስድስት ዓመቱ ደግሞ የብሉግራስ፣ ማለትም በማንዶሊን፣ ፊድልና ባንጆ የሚጫወቱት የገጠር አሜሪካ ሙዚቃ፣ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ለጨዋታ ማርታ ወደምትባል የኬንተኪ ከተማ መጣ። የሰፈሩ ሰው «ትንሹን ስካግስ አስወጡት!» እያለ ጮኸ። ሞንሮ ልጁን መድረክ ላይ አወጣው። የገዛ ማንዶሊኑን አወለቀ፣ ማንገቻውን ለልጁ ቁመት አሳጠረና አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ልጁም ተጫወተ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ነው። በ1970 ከጓደኛው ከኪት ዊትሊ ጋር የብሉግራስ ዘፋኙን ራልፍ ስታንሊን ሊያዩ ሄዱ። ስታንሊ መኪናው ጎማ ፈንድቶበት ዘገየ። ሁለቱ ልጆች ሰዓቱን ለመሙላት መድረክ ወጥተው የስታንሊን ዜማዎች ሲጫወቱ ስታንሊ ራሱ ደረሰ። በኋላ ቡድኑ ውስጥ አስገባቸው።

አንተ ግን ማዳመጥህን በ1975 ከባንጆ ተጫዋቹ ከጄ ዲ ክሮው ቡድን ጋር ከቀረጸው አልበም ጀምር። ጊታሩ ቶኒ ራይስ ነው፣ ዶብሮው (ክሮቹ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚመታው ጊታር) ጄሪ ዳግላስ። ማንዶሊኑ መቼ እንደሚመራ፣ መቼ እንደሚያጅብ ጥርት ብሎ ይሰማል።

መልስ፦ ሰማንያዎቹ

የተራራው ልጅ ያለው ልክ ነው፤ ግን ለጀማሪ ፈጣን ነው፣ ተስፋ ያስቆርጣል። እኔ በሰማንያዎቹ ጀምር እላለሁ። ከካንትሪ ዘፋኟ ከኤሚሉ ሃሪስ ቡድን ወጥቶ ብቻውን ሲዘፍን ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ገባ፤ ምቱን በቀላሉ ትይዛለህ። በ1982 የኦፕሪ አባል ሆነ። በ1984 «አንክል ፔን»ን የካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ አደረገው። ዜማው የሞንሮ ነው። አንክል ፔን የሞንሮ አጎት ነው፤ ወላጆቹን ያጣውን ሞንሮን ያስጠጋ ፊድል ተጫዋች። በ1985 ስካግስ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ከፍተኛ ሽልማት ወሰደ።

መልስ፦ የተራራው ልጅ

ይሁን፣ ለምት ማንም አይከለክለውም። ግን የ1997ቱን «ብሉግራስ ሩልስ!» ሳይሰማ እንዳይቀር። ሞንሮ በ1996 አረፈ። ስካግስ በዓመቱ በራሱ ኩባንያ ያንን አልበም አውጥቶ ወደ ብሉግራስ ተመለሰ። ካንትሪ ውስጥ ያን ሁሉ ዝና ይዞ መመለሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በ2018 የካንትሪውም የብሉግራሱም የክብር አዳራሽ አስገቡት።

መልስ፦ እመት ፊድል

ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ጥያቄህን ዘለሉት። እኔ ቫዮሊን ነው የምጫወተው። የማንዶሊንና የፊድል ቅኝት አንድ ነው፦ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ። የማንዶሊኑ ክሮች ጥንድ ጥንድ መሆናቸው ብቻ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ ግራ እጅህ ለማንዶሊን የተማረው ለፊድልም ይሆናል። ስካግስም ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረው ከባዶ እየጀመረ አይደለም። ግን ፊድል ፍሬት የለውም፣ ቀስቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስድስት ወር ማንዶሊንህን ብቻ ያዝ።

ክራር ነካክቻለሁ ብለሃል አይደል? የትዝታ ሜጀር ቅኝትን ፈልግ። ወፍራሙን የጂ ክር ሳትይዝ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አራተኛው ፍሬት። ወደ ዲ ክር እለፍ፦ ሳትይዝ፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው። ትዝታ መጣልህ። ብዙዎቹ የአፓላችያ፣ የምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች፣ ዜማዎች የሚሄዱት በእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው።

ጠያቂ፦ የሌሊት ፈረቃ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብርኩማዋን ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጭራው ገፋኋት፣ ተስተካከለ። ትዝታውን ሌሊት የመኪና ማቆሚያዋ ዳስ ውስጥ ቀስ ብዬ ሞከርኩት። እመት ፊድል፣ እንባዬ መጣ። አሁን ደግሞ ያ «ጨክ፣ ጨክ» የሚለው ምት እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ባለ መዶሻው

ቾፕ ይባላል። በድሮው ብሉግራስ ከበሮ የለም፤ የከበሮውን ሥራ የሚሠራው ማንዶሊን ነው። አራቱንም ጥንድ የምትይዝበት ኮርድ ምረጥ፤ ባዶ ክር ካለ አይሆንም። አንድ ሁለት፣ ሦስት አራት ብለህ ቁጠር። ሁለትና አራት ላይ ብቻ ምታ። በመታህ ቅጽበት የግራ እጅህን ጣቶች ከክሩ ሳታነሳ አላላቸው፤ ድምፁ ይቆረጣል።

ናሽቪል ካለህ ደግሞ እሑድ ማታ ስቴሽን ኢን የሚባለው የሙዚቃ ቤት ሂድ። ተጫዋቾች ተሰብስበው አብረው የሚመቱበት ምሽት ነው። ሰዓቱን አስቀድመህ አረጋግጥ። የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ተቀምጠህ የማንዶሊኖቹን ቀኝ እጅ ብቻ ተመልከት።

ጠያቂ፦ የሌሊት ፈረቃ

የፊታችን እሑድ ፈረቃ የለኝም። እሄዳለሁ።