የበግ ፀጉር መፍተያ እንዝርት ከቤት ዕቃ፦ ክብደቱ ስንት ይሁን? ክቡስ የት ይግባ?

ፈታይቱ ከጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። ለጀማሪዎች የበግ ፀጉር አፈታተል ለማሳየት እንዝርት በብዛት ማዘጋጀት አለብኝ። የእኛ አካባቢ የቦንጋና የሆሮ በግ ፀጉሩ አጭርና ልሙጥ ስለሆነ ለፈትል አይያዝም፤ ከመንዝ የመጣ፣ የታጠበ፣ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ፀጉር ነው የምጠቀመው። የጥጥ እንዝርት ለዚህ ቀላል ነው፤ ወፈር ያለ ክር ሲይዝ ጥቂት ሾሮ ይቆምና ወደ ኋላ ይዞራል። በእጄ ያሉት የተበላሹ ሲዲዎች፣ የዣንጥላ ሽቦ፣ የሃይላንድ ክዳንና የጣውላ ቁርጥራጭ ናቸው። ክብደቱ ስንት ግራም ቢሆን ይመረጣል? ክቡ (ዘንጉ ላይ ገብቶ ክብደት የሚሰጠው ክብ ነገር) ከላይ ይሁን ከታች? ሲዲው ዘንጉ ላይ እንዳይዋልል በምን ይታሰር? ሚዛን የሌለውስ ሰው በምን ይለካ?

ዘንግና ክር
እህቴ፣ ለዚያ ፀጉርና ለጀማሪ እጅ ጠቅላላ ክብደቱን ከ40 እስከ 50 ግራም አድርጊው። ከ30 በታች የሆነ ለቀጭን ክር ነው። ጀማሪ ወፍራም ነው የሚፈትለው፤ ወፍራም ክር ደግሞ ሲከር ወደ ኋላ የመፈታት ኃይሉ ብዙ ስለሆነ ቀላሉን እንዝርት ያሸንፈዋል። ከ70 በላይ ሲሆን በተቃራኒው ገና በቅጡ ያልከረረውን ክር በጥሶ ይወድቃል።

ሲዲ ለዚህ ጥሩ ነው። ሁለቱ ተደርበው 30 ግራም አካባቢ ይመዝናሉ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ወደ 10 ግራም ይጨምራል። መንጠቆው ሲገባ የምትፈልጊው ላይ ደረስሽ። የሲዲው ቀዳዳ ግን 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘንጉ ውስጡ ይጫወታል። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ቁረጪና ዘንጉ ላይ ሦስት አራት ዙር ጠምጥሚው፤ ሲዲዎቹን በግድ እየገፋሽ አስገቢ። በቀላሉ ከገቡ አንድ ዙር ጨምሪ። ኮላ እስክትፈትሺው ድረስ አትቀቢ፣ ከተጣበቀ በኋላ ማቃናት አይቻልም።

ክቡን ከላይ እመርጣለሁ። ከታች የሆነው ሲሾር የረጋ ነው፣ ነገር ግን ክሩን በዘንጉ ጫፍ በሸምቀቆ መያዝ ይጠይቃል፤ ጀማሪን የሚያማርረው እሱ ነው። ከላይ ሲሆን መንጠቆው ብቻ ይበቃል፣ ዘንጉንም ጭን ላይ አንከባልሎ ማስነሳት ይቻላል። ክሩ ከክቡ በታች ይጠቀለላል፤ ከዚያ በክቡ ጠርዝ ዞሮ ወደ መንጠቆው ይወጣል። ጠርዙ ላይ እንዳይንሸራተት 3 ሚሊ ሜትር ያህል በሞረድ ብዪው። በመቀስ ከሞከርሽው ሲዲው ይሰነጠቃል።

የዣንጥላ ሽቦውን ተዪው፣ ሲታጠፍ ወይ ይመለሳል ወይ ይሰበራል። የልብስ መስቀያ ሽቦ ይሻላል። የዘንጉ ጫፍ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ቀዳዳ ሰርስረሽ ሽቦውን ትከይው። ዋናው ጉዳይ ክሩ የሚንጠለጠልበት ነጥብ ነው፤ በትክክል ከዘንጉ መሐል ትይዩ መሆን አለበት። መንጠቆው 2 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢያዘነብል እንዝርቱ ይወላገዳል፤ ሰው ግን ሲዲውን ይወቅሳል። መፈተሻው ቀላል ነው። ክር አስረሽ በባዶው አሹሪው፤ ከተንቀጠቀጠ መንጠቆውን በፒንሳ ትንሽ ትንሽ እያቃናሽ እንደገና አሹሪ። ሲዲዎቹን የነካሽው እንደሆነ ግን ከመንጠቆው በኋላ ይሁን።

የቡና እንጨት
ለዘንጉ ከጅማ የተሻለ ቦታ የለም። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ጠንካራና ሲላግ ልስልስ የሚል ነው። ቅርፊቱን ልጣችሁ፣ ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ነገር ተጭኖት ይድረቅ፤ እርጥቡን ከሠራችሁት ይጎብጣል፤ የጎበጠ ዘንግ ደግሞ በቀላሉ አይስተካከልም። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት እሹት፤ ትንሽ እሾህ መሳይ ነገር ከቀረ ፀጉሩን ይይዛል።

ሲዲ ለሌለው፣ በርጩማ የሚሠሩ አናጢዎች ዘንድ የዋንዛ ቁራጭ አይጠፋም። 8 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ 30 ግራም ገደማ ይሆናል። መሐሉን ለማግኘት በብርጭቆ አፍ ልክ ወረቀት ላይ ክብ ሣሉና ቁረጡ፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት መሐል ነው።

የሃይላንድ ክዳን ብቻውን አይረባም፣ ጠባብም ቀላልም ነው። ሰፋ ያለ የማር ወይም የለውዝ ቅቤ ክዳን ውሰዱና ጠርዙን ተከትላችሁ እኩል እየራቁ አራት ወይም ስድስት ሮንዴላ በኮላ ለጥፉ። ክብደቱ ወደ ጠርዙ በራቀ መጠን ቀስ ብሎ ግን ረጅም ጊዜ ይሾራል፤ መሐል ላይ ሲሰበሰብ ፈጥኖ ይዞርና ቶሎ ይቆማል። ለጀማሪ ረጅሙ ነው የሚጠቅመው።

ለሚዛኑ ደግሞ የልብስ መስቀያ መሐሉን በክር አንጠልጥሉና በግራና ቀኝ ጫፉ እኩል ፌስታል እሰሩ። በአንዱ እንዝርቱን፣ በሌላው በስሪንጅ እየለካችሁ ውኃ ጨምሩ። 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ስለሆነ፣ 45 ሚሊ ላይ እኩል ከሆነ እንዝርቱ 45 ግራም ነው።

ፈታይቱ ከጅማ
እግዜር ይስጥልኝ፣ የውኃው ሚዛን በጣም ይጠቅመኛል። አንድ ልጨምር፦ ክሩ ሲበጠስ ጥፋቱ የእንዝርቱ ይሁን የአፈታተሉ በምን ይለያል?

ባዘቶ
የተበጠሰውን ጫፍ እዪው። ሳስቶ እንደ ላባ ተበትኖ ከተለያየ ክረት አንሶታል፤ ፀጉሩ ተንሸራቶ ነው የወጣው። እንዝርቱን ከመልቀቅ በፊት የበለጠ ይክረር። ጠንክሮ የከረረ ጫፍ ይዞ ከተቆረጠ ግን አንድ ቀጭን ቦታ ላይ ክረቱ ሁሉ ተከማችቷል፣ ወይም እንዝርቱ ከብዷል። እንዝርቱ ላይ የተጠቀለለው ክር ራሱ ክብደት እንደሚጨምር አትርሺ፤ በመጀመሪያ ደህና የነበረው ሲሞላ መበጠስ ከጀመረ፣ ክሩን አውጥተሽ ልቃቂት አድርጊው።

ጀማሪዎቹ ሲስቡ ሁለቱን እጆቻቸውን ከፀጉሩ ርዝመት በላይ ያራርቁ። ለ8 ሳንቲ ሜትር ፀጉር ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሲቀራረቡ ያንኑ ፀጉር በሁለቱም ጫፍ ይዘው ስለሚጎትቱ ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ እንዝርቱን አሹረው፣ ጉልበታቸው መሐል ይዘው አቁመው፣ ከዚያ ይሳቡ። ማሾሩንና መሳቡን አንድ ላይ ማድረግ በኋላ ይመጣል።

መነሻውን ክር 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከበግ ፀጉር ክር አድርጊው። የጥጥ ወይም የናይለን ክር ስለሚለሰልስ አዲሱ ፀጉር አይጨብጠውም። ሲቀጠልም ጫፍና ጫፍ ሳይሆን ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ ነው።

ፀጉሩ ክረምት ላይ የታጠበ ከሆነ ደግሞ መሐሉን ጨብጠሽ ፈትሺው። በጅማ እርጥበት ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ እንዲህ ያለው እየተጣበቀ ጓል ጓል ይላል። ዘርግተሽ አድርቂውና እንደገና ባዝተሽ አመልማሎ አድርጊው።